ካሜራውን አልከፍትም ያለው ሠራተኛ

ከቤት ስለ መሥራት የሚሰጠው ምክር ሁሉ ወደ ሠራተኛው ነው። ሸሚዝ ልበስ። ማይክህን ዝጋ። የተሰጣ ልብስ ከኋላህ እንዳይታይ። ልጆቹን ዝም አሰኝ። ሁሉም ልክ ነው፣ አልከራከርም። ግን አለቃስ? በላፕቶፕ በኩል ሰው ቤት የሚገባ አለቃ ወግ የለበትም? በ2022 አንድ የኔዘርላንድስ ፍርድ ቤት አለበት ብሎ ፈርዷል። ወጉን ያልጠበቀው ኩባንያ ወደ 75,000 ዩሮ ከፍሎ እንዲገላገል ተወስኗል። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት፣ ለይቼ ካልተናገርኩ በቀር፣ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ታሪኩ እንዲህ ነው። ሰውየው የስልክ ሽያጭ ሠራተኛ ነው። ስሙ ለእኛ ነገር ስለማይጠቅመን እንተወው። የሚኖረው ኔዘርላንድስ ነው። አሠሪው ቼቱ የሚባል፣ መቀመጫውን አሜሪካ ፍሎሪዳ ያደረገ የሶፍትዌር ኩባንያ ነው። በጃንዋሪ 2019 ተቀጠረ። ደሞዙ፣ ኮሚሽኑና ቦነሱ ሲደመር በዓመት ከ70,000 ዩሮ በላይ ያገኝ ነበር። ትንሽ ሰው አልነበረም ማለት ነው። ሦስት ዓመት ከመንፈቅ ሠርቷል።

ኦገስት 23 ቀን 2022፣ ማክሰኞ፣ ትእዛዝ ደረሰው። የእርምት ፕሮግራም ትገባለህ ተባለ። ነገሩ በኢንተርኔት የሚሰጥ ሥልጠና ነው፣ ስሙ ግን ቅጣት ቅጣት ይሸታል። ሙሉውን የሥራ ቀን ኦንላይን መሆን አለብህ፣ ስክሪንህን ሼር አድርግ፣ ካሜራህም ክፍት ይሁን። ይህ በቀን 9 ሰዓት ነው።

ሰውየው ስክሪኑን ሼር አደረገ። ካሜራውን ግን አልከፈተም።

ሐሙስ ዕለት መልሱን ጻፈ። ይህን ጉዳይ ለማንሳት ያነሳሳኝ ይህ መልስ ነው። አጭር ነው። በቀን ለ9 ሰዓት በካሜራ መታየት እንደማይመቸው፣ ይህ ግላዊ ሕይወቱን እንደሚነካና እንደሚያሳቅቀው፣ ካሜራው የተዘጋውም በዚህ ምክንያት እንደሆነ ገለጸ። ቀጥሎም በላፕቶፑ ላይ የሚሠራውን ሁሉ አስቀድመው መከታተል እንደሚችሉና ስክሪኑንም እያጋራ መሆኑን አስታወሰ። በቃ። ስድብ የለም፣ ዛቻ የለም፣ ጠበቃዬን አናግሩ የለም።

በማግስቱ ዓርብ ተባረረ። ምክንያቱ ሁለት ነው ተባለ። ሥራ እምቢ ማለትና አለመታዘዝ።

ትእዛዙ ማክሰኞ፣ መልሱ ሐሙስ፣ ስንብቱ ዓርብ። በመካከሉ አንድ የስልክ ጥሪ የሚያስተናግድ ጊዜ ነበር። ከሦስት ዓመት በላይ ደሞዝ የከፈልከውን ሰው «እስቲ ምን ሆነህ ነው?» ብሎ ለመጠየቅ አንድ ቀን ሙሉ ይበቃ ነበር።

የኔዘርላንድስን ሕግ ለማያውቅ ሰው አንድ ነገር ልንገር። እዚያ አገር ሠራተኛን በዕለቱ፣ ያለ ማስጠንቀቂያ ጊዜ ማሰናበት ይቻላል። ግን ከቅጣት ሁሉ የከፋው እሱ ነው። ደሞዙ በዚያው ቀን ይቆማል፣ የሥራ አጥ ድጎማም ሊያሳጣው ይችላል። ስለዚህ ሕጉ አሠሪውን ጠበቅ አድርጎ ይይዘዋል። ምክንያቱ አስቸኳይና ከባድ መሆን አለበት፣ ሳይውል ሳያድርም ለሠራተኛው በግልጽ መነገር አለበት። ስርቆት፣ ማጭበርበር፣ ድብደባ ዓይነቱ ነው በብዛት የሚጠቀሰው። ፍሎሪዳ ግን ሌላ ዓለም ነው። በአብዛኛው አሠሪ ሠራተኛውን ባሻው ቀን ደህና ሁን ሊለው ይችላል። በእኔ ግምት ኩባንያው የፍሎሪዳ ልማዱን ይዞ ኔዘርላንድስ ቤት ገባ። ከውጭ አገር ሰው የሚቀጥር ማናጀር በመጀመሪያ ሊያውቀው የሚገባው ይህን ነው። ሠራተኛው በአብዛኛው የሚገዛው ቤቱ ባለበት አገር ሕግና ወግ ነው።

በእኛ አገር «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» ይባላል። ሰውየው ግን ንጉሡን ከሰሰ። ጉዳዩ የዜላንድ ምዕራብ ብራባንት ፍርድ ቤት በቲልበርግ ከተማ ቀረበ። እንዲህ ያለውን የሥራ ክርክር እዚያ የሚያየው አንድ ዳኛ ነው። ኩባንያው ችሎት አልቀረበም። ሴፕቴምበር 28 ቀን፣ በእኛ በ2015 የመስቀል በዓል ማግስት፣ ውሳኔው ተሰጠ።

ዳኛው ያሉት በአጭሩ ይህ ነው። አንደኛ፣ የተባረረበት ምክንያት በበቂ ሁኔታ አልተብራራም። ሁለተኛ፣ ሥራ እምቢ ማለቱን የሚያሳይ ነገር የለም። ሰውየው ሥራ ላይ ነበር፣ ስክሪኑም እየታየ ነበር። ሦስተኛ፣ አለመታዘዝ የሚባለው ትእዛዙ ራሱ ምክንያታዊ ሲሆን ነው። ካሜራህን ቀኑን ሙሉ ክፈት የሚለው ትእዛዝ ደግሞ ሠራተኛው የግል ሕይወቱ እንዲከበርለት ያለውን መብት ይጋፋል። እዚህ ላይ የአውሮፓ የሰብአዊ መብቶች ስምምነት አንቀጽ 8 ተጠቀሰ።

ከዚያ ሒሳቡ መጣ። ያልተከፈለ ደሞዝ ወደ 2,700 ዩሮ። ያለ ማስጠንቀቂያ ስላሰናበቱት ከ8,000 በላይ። አሠሪ ሠራተኛን ሲያሰናብት በሕግ የሚከፍለው የሽግግር ክፍያ ወደ 9,500። ፍትሐዊ ካሳ ደግሞ 50,000። ያልተጠቀመበት የዓመት ፈቃድና የፍርድ ቤት ወጪ ሲጨመር ነው 75,000 ገደማ የደረሰው። ሌላ ተፎካካሪ ድርጅት ሄደህ እንዳትሠራ የሚለው የውሉ አንቀጽም ተነሳለት።

ዳኛው ነገሩን ከራሳቸው አልፈጠሩትም። ከአምስት ዓመት በፊት የወጣ ሌላ ውሳኔ ነበር። የሞንቴኔግሮ ዩኒቨርሲቲ የሒሳብ ትምህርት ቤት በ2011 ሰባት የሚያህሉ የመማሪያ አዳራሾች ውስጥ ካሜራ ለመትከል ወሰነ። ለንብረትና ለሰው ደኅንነት፣ ማስተማሩንም ለመከታተል ተባለ። ሁለት መምህራን ከሰሱ። ስትራስቡርግ ያለው የአውሮፓ የሰብአዊ መብቶች ፍርድ ቤት በኖቬምበር 28 ቀን 2017 ፈረደላቸው። በድምፅ ብልጫ ነው፣ 4 ለ 3። ለእያንዳንዳቸው 1,000 ዩሮ። የተያዘው ነጥብ ሠራተኛን በሥራ ቦታው በቪዲዮ መከታተል፣ በድብቅም ይሁን በግልጽ፣ በግል ሕይወቱ ላይ ከባድ ጣልቃ ገብነት ነው የሚል ነበር። ልብ በሉ፣ ያ የመማሪያ አዳራሽ ነው። ተማሪ የሚገባበት የሚወጣበት ቦታ። አዳራሹ ላይ እንዲህ ከተባለ መኝታ ቤት ላይ ምን ሊባል ነው?

አንድ ክርክር ሁሌ ይነሳል። ቢሮ ብትሆን አለቃህ ያይህ አልነበር? ካሜራው ምን ይለየዋል?

ይለየዋል። ቢሮ ውስጥ አለቃ ቢያይህ አንተም ታየዋለህ። ሲመጣ ትሰማለህ፣ ሲሄድ ታውቃለህ። ጠረጴዛህ ጋ ቆሞ 9 ሰዓት ፊትህን ትኩር ብሎ የሚያይህ አለቃ ቢኖር ቢሮው በሙሉ «ምን ነካው?» ይል ነበር። ላፕቶፕ ላይ ግን ያለችው ከስክሪኑ አናት ያለች አንዲት ትንሽ መብራት ናት። በርታለች። ከወዲያ በኩል ማን አለ? አንድ ሰው ነው አምስት? አሁን እያየኝ ነው ወይስ ቡና ሊጠጣ ሄዷል? አታውቅም። ስለማታውቅ አፍንጫህን ለማከክ እንኳ ትሳቀቃለህ። ካሜራው ደግሞ አንተን ብቻ አያይም። ከኋላህ አልጋ አለ። ግድግዳው ላይ የሥላሴ ሥዕል ወይም የሠርግ ፎቶ አለ። ነጠላዋን አጣፍታ ወደ ኩሽና የምታልፍ እናት አለች። እነሱ ከኩባንያው ጋር ውል አልፈረሙም።

እኛ ጋ ሰው ግቢ ሲገባ «ቤቶች!» ይላል። በሩ ክፍት ቢሆንም ይላል። ዘመድም ቢሆን ይላል። ከውስጥ መልስ እስኪሰማ ወይም ሰው ብቅ እስኪል ይቆማል፣ ያም ለቤተኛው ራሱን የሚሰበስብበት ጊዜ ይሰጠዋል። ካሜራህን ቀኑን ሙሉ ክፈት ማለት «ቤቶች!» ሳይሉ ገብቶ ሳሎን መቀመጥ ነው፣ ያውም እስከ ማታ።

ይህ የመሳቀቅ ነገር የሰውየው ቅብጠት እንዳይመስላችሁ። በ2021 የአሪዞና ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪና ባልደረቦቿ ያወጡት ጥናት አለ። ከቤት የሚሠሩ 103 የአንድ ድርጅት ሠራተኞችን ለአራት ሳምንት ተከታተሉ። ግማሹን ጊዜ በስብሰባ ካሜራ ከፍተው፣ ግማሹን ዘግተው። ካሜራ በተከፈተባቸው ቀናት ሰው የበለጠ ደከመው። የደከመው ሰው ደግሞ ስብሰባው ላይ ሐሳብ ለመስጠትም ለመሳተፍም ቀዘቀዘ። ድካሙ በሴቶችና በአዲስ ገቢዎች ላይ በረታ። አለቆች ካሜራ ክፈቱ የሚሉት ሰው ንቁ እንዲሆን ነው፣ የተገኘው ግን የዚህ ተቃራኒ ነው። ያ ሁሉ የስብሰባ ካሜራ ነው እንግዲህ። የቀን ሙሉ ክትትልማ ሌላ ነገር ነው።

ይህን ወደ አዲስ አበባ እናምጣው። ዛሬ ከአዲስ አበባ ሆኖ ለውጭ ኩባንያ የሚሠራ ወጣት ጥቂት አይደለም። ፕሮግራመር አለ፣ የደንበኛ አገልግሎት ላይ ያለ አለ፣ ሒሳብ የሚሠራ፣ ዲዛይን የሚሠራ አለ። ብዙው የሚኖረው በስቱዲዮ ወይም ባለ አንድ መኝታ ኮንዶሚኒየም ነው። ጠረጴዛው ከአልጋው አንድ ክንድ ይርቃል። የአሜሪካን ሰዓት ከተከተለ ሥራው የሚጦፈው ማታ ቤተሰብ ሲተኛ ነው። በዚያ ቤት 9 ሰዓት ካሜራ መክፈት ማለት ቤተሰቡን በሙሉ ከነፒጃማው ፈረቃ ማስገባት ነው። መብራት መሄዱንና ዳታ ማለቁን አልቆጠርኩም። ቪዲዮና ስክሪን ሼር አንድ ላይ ቀኑን ሙሉ የሚጠጣውን ፓኬጅ የሞላ ያውቀዋል።

የእኛስ ሕግ ምን ይላል? ከቤት ስለሚሠራ ሥራ የሠራተኛና አሠሪ አዋጁ፣ ቁጥር 1156/2011 (ዓመቱ በእኛ አቆጣጠር ነው)፣ የሚለው ነገር አለው። የቤት ውስጥ ሥራ ውል የሚባለውን ሲተረጉም፣ ሠራተኛው በቤቱ ወይም ራሱ በመረጠው ቦታ፣ ያለ አሠሪው ቀጥተኛ ቁጥጥርና አመራር ደሞዝ እያገኘ የሚሠራው ነው ይላል። አንቀጹ ሲጻፍ ዙምን ታሳቢ ያደረገ አይመስለኝም፣ ሸማና ስፌት ነው የሚሸተኝ። ለቢሮ ተቀጥሮ ከቤት ለሚሠራው ሁሉ ይሠራል ብዬም አልከራከርም። ግን ሐሳቡ ይገርማል። ቤት ውስጥ የሚሠራ ሥራ ሲባል ከመነሻው የአለቃ ዓይን የሌለበት ተደርጎ ነው የታሰበው። ከዚህ በላይ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 26 የግል ሕይወትን ያስከብራል። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ወጥቷል። የሠራተኛን ፊትና ቤት ቀኑን ሙሉ መቅረጽ የሚፈልግ ድርጅት እሱን ሳያነብ ባይጀምር ይሻለዋል።

ወደ ጨዋነቱ ልመለስ። ቼቱ ምን ማድረግ ይችል ነበር? ብዙ። ሽያጩ አላማራቸው ይሆናል፣ ሥልጠና ያስፈልገው ይሆናል። ይህን መጠየቅ የአሠሪ መብት ነው። ዳኛውም ሥልጠና አይሰጥ አላሉም። አንድ ደህና ማናጀር ቢሆን እንዲህ ዓይነት መልእክት ይልክ ነበር፦

«ሰላም፣ እንዴት ነህ? የሰሞኑን ሽያጭ አብረን እንድናየው ፈልጌ ነው። ነገ ጠዋት ከ4 ሰዓት እስከ 4 ተኩል በቪዲዮ እንገናኝ። ካሜራ ብትከፍት ደስ ይለኛል፣ ካልተመቸህ በድምፅም ይሆናል። ከዚያ በኋላ ስክሪንህን የምናይባቸውን ሰዓቶች ተነጋግረን እንወስናለን።»

ይህ መልእክት ምክንያቱን ይናገራል። ሰዓቱ መጀመሪያና መጨረሻ አለው። እምቢ ለማለትም በር ይከፍታል። ለመጻፍ ሁለት ደቂቃ ይፈጃል። ሁለት ደቂቃ ለ75,000 ዩሮ መጥፎ ንግድ አይደለም።

የኔዘርላንድስ የፍትሐ ብሔር ሕግ ደግሞ ደስ የሚል አንቀጽ አለው። አሠሪው እንደ መልካም አሠሪ፣ ሠራተኛውም እንደ መልካም ሠራተኛ መመላለስ አለባቸው ይላል። ጨዋነትን ሕግ አድርገው ጽፈውታል። አንቀጹ ሁለቱንም ነው የሚያስረው፣ ስለዚህ የሠራተኛውንም ነገር በሐቀኝነት እንየው።

ሰውየው ያደረገው መልካም ነገር ብዙ ነው። ዝም ብሎ አልጠፋም። ካሜራዬ ተበላሽቷል ብሎ አልዋሸም። ይህችን ውሸት ስንቶቻችን ተናግረናታል! ኔትወርክ ነው፣ መብራት ነው፣ ካሜራው እምቢ አለኝ። አንድ ሁለት ቀን ትሠራለች። በሦስተኛው አለቃው «አይቲ ይይልህ» ሲል ታልቃለች፣ ከዚያ በኋላ እውነተኛውን ምክንያት ብትናገርም የሚያምንህ የለም። ሰውየው እውነቱን በጽሑፍ አስቀመጠ። ያቺ አጭር ጽሑፍ ናት ፍርድ ቤት ስትደርስ የተናገረችለት። በስልክ ተጨቃጭቆ ቢሆን ኖሮ ነገሩ የቃል ለቃል ክርክር ይሆን ነበር። ስክሪኑን አለመዝጋቱም ትልቅ ነገር ነው። ተናዶ ሁሉንም ዘግቶ ቢሆን ሥራ እምቢ አለ የሚለው ክስ እግር ያገኝ ነበር።

እኔ ብሆን ግን አንዲት ዓረፍተ ነገር እጨምር ነበር። አሠልጣኙ በቀጥታ በሚያስተምርበት ሰዓት ካሜራ እከፍታለሁ፣ ብቻዬን በምሠራበት ሰዓት ግን እዘጋለሁ። እንዲህ ማለት ሽንፈት አይደለም። የማልችለው ይህን ነው፣ የምችለው ደግሞ ይህን ነው ሲባል ለአለቃውም መመለሻ መንገድ ይተውለታል። በተለይ እንደ እኛ አለቃን ፊት ለፊት አይሆንም ማለት በሚከብድበት የሥራ ባህል የቀረበው አማራጭ እምቢታውን ያለሰልሰዋል። የኔዘርላንድስ ሰዎች ቀጥተኛ ናቸው ይባላል፣ ለእሱ ያ ደብዳቤ ለስላሳ ሳይሆን አይቀርም።

እንግዲህ ካሜራ በጭራሽ አይከፈትም እያልኩ አይደለም። አዲስ ሰው ቡድኑን ሲቀላቀል ፊት ማየት ደስ ይላል። የሥራ ቃለ መጠይቅ ላይ፣ ደንበኛ ፊት፣ ሰው ሲሸኝ ካሜራ መዝጋት ያስነውራል። ለግማሽ ሰዓት ስብሰባ ፊትህን ታጥበህ፣ ግድግዳ ወደ ኋላ አድርገህ ብትቀመጥ ምንም አትሆንም። ችግሩ ልኩና አጠያየቁ ላይ ነው። ስብሰባው ሲያልቅ ካሜራው አብሮ ካላለቀ ነገሩ ክትትል ሆኗል ማለት ነው።

የውሳኔውን ልክም ማወቅ ያስፈልጋል። ይህ የአንድ ዳኛ የመጀመሪያ ደረጃ ውሳኔ ነው፣ ኩባንያው ቀርቦ ያልተከራከረበት። ነገ ሌላ ድርጅት የደኅንነት ምክንያት አቅርቦ፣ ለአጭር ሰዓት፣ ሠራተኞቹን አማክሮ ካሜራ ቢያስከፍት ሌላ ዳኛ ሌላ ሊል ይችላል። ከቤት መሥራት ራሱም ቢሆን እዚያ አገር ያለቀለት መብት አይደለም። ሰውየው ከመባረሩ ሰባት ሳምንት በፊት፣ በጁላይ 2022፣ የታችኛው ምክር ቤት ሠራተኛ ከቤት ልሥራ ሲል ጥያቄውን አሠሪው በወጉ እንዲመዝን የሚያስገድድ ረቂቅ አጽድቆ ነበር። ረቂቁ ላይኛው ምክር ቤት ደርሶ በሴፕቴምበር 2023 ወደቀ።

ስለዚህ አሁን ከቤት ሥራ የሚጀምር ሰው ካለ ቀላሉ ሰዓት ውሉ ሳይፈረም ነው። ያን ጊዜ ማንም አልተቀየመም። ካሜራ የሚከፈተው ለየትኛው ስብሰባ ነው፣ ስክሪን የሚያየው ማን ነው፣ ይቀረጻል ወይ፣ ከስንት ሰዓት በኋላ አይደወልም፣ መብራት የሄደ ቀን ምን እናደርጋለን። አራት አምስት መስመር ኢሜይል ይበቃል። ጠያቂው እርስዎ ከሆኑም ነውር የለውም፣ «ከመጀመሬ በፊት እንዲገባኝ ፈልጌ ነው» ብለው ቢጽፉ ደህና አሠሪ ይመልስልዎታል።